እምነቴ የእኔ ነበር ወይስ የሰዎቹ?

ባዶ ወንበር — ሰኞ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን መድረክ ለረጅም ጊዜ ሳነብ ኖሬአለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከጉባኤ ከተለየሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ምክንያቱን አላስረዝመውም። በጸሎት ቡድናችን ውስጥ ለማምናት አንዲት እኅት የትዳሬን ችግር ነገርኳት። በሳምንቱ ስገባ አራት ሴቶች እጄን ከወትሮው ረዘም አድርገው ያዙኝ። “በጸሎት እያሰብንሽ ነው” አሉኝ። ምን ሰምተው እንደሚያስቡኝ ለመጠየቅ እንኳ አፍ አልነበረኝም። ወሬዬ የጸሎት ርእስ የሚል ልብስ ለብሶ ቤቱን ሁሉ አዳርሶታል። በዚያው ቀረሁ።

መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዕረፍት ነበር። ጠዋት ተነሥቼ መጽሐፍ ቅዱሴን እገልጣለሁ፣ ስብከት በስልኬ እሰማለሁ፣ እጸልያለሁ። ማንም አያየኝም፣ ማንንም አላይም። ቀስ በቀስ ግን የማነበው የምወደውን ክፍል ብቻ ሆነ። መዝሙረ ዳዊት፣ ከዚያ መዝሙረ ዳዊት፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ጠላቶች የሚናገረው መዝሙረ ዳዊት። ሰባኪው የማልፈልገውን ሲናገር ጣቴ ወደሚቀጥለው ያሳልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከታላቅ እኅቴ ጋር ከተኳረፍን አራት ወር እንደሞላን ቆጠርኩ። በፊት ቢሆን “እኅትሽ እንዴት ናት?” የሚለኝ አይጠፋም ነበር፤ እኔም መልስ ሳጣ አፍሬ እደውልላት ነበር። አሁን የሚጠይቀኝ የለም፣ እኔም አልደወልኩም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰዎቹ ሲርቁ እምነቴ እንዲህ ከሳሳ፣ ድሮስ የእኔ ነበር? ወይስ እነሱ ሲያምኑ እኔም የማምን መስሎኝ ነው የኖርኩት?

የሌሊት ተረኛ — ሰኞ ሌሊት

እኅቴ፣ ነርስ ነኝ። እሑድ ለእኔ ብዙ ጊዜ የሥራ ቀን ስለሆነ የጉባኤው ግማሽ ያለ እኔ ያልፋል፤ የምትይው አልጠፋኝም።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ አረጋዊ ታካሚ ነበሩን። ልጃቸውን አያውቋትም፤ ማንኪያ ብሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ይገባቸዋል። አንድ ምሽት ጠያቂዎች መጡና አልጋቸው ዳር ቆመው “አባታችን ሆይ” ማለት ጀመሩ። አረጋዊው ዐይናቸውን ሳይገልጡ አብረው ገቡ። አንድ ቃል አልሳቱም። “ከክፉ አድነን” የሚለው ላይ ድምፃቸው ከሁሉም በለጠ። ሲያልቅ ተመልሰው ዝም አሉ።

ያንን ጸሎት ብቻቸውን አልተማሩትም። ከብዙ አፎች ጋር ለብዙ ዓመታት ሲሉት በሽታው ከማይደርስበት ቦታ ወርዷል። የእሳቸው ነው ወይስ የሌሎቹ? አንሶላውን እያስተካከልኩ ለመለየት ሞክሬ ነበር፤ አልቻልኩም።

ድንጋይ ጠራቢ — ማክሰኞ ጠዋት

ሁላችሁም ወደ አንድ ወገን እንዳትጋልቡ እኔ በሌላው ልቁም። ጌታ ሊጸልይ ሲል ሕዝቡን አሰናብቶ ለብቻው ወደ ተራራ ወጣ። “ስቀለው” ያለው ደግሞ ብቻውን የቆመ ሰው ሳይሆን ሕዝብ ነው። ኅብረት የምንለው ነገር ብዙ አስመሳይ ያፈራል። እኔ ራሴ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው እጁን ሲያነሣ እያነሣሁ፣ ሰው ሲያለቅስ ፊቴን እያጠቆርኩ ኖሬአለሁ፤ ውስጤ ግን ደረቅ ነበር። ምንም እንደሌለኝ ያወቅሁት ብቻዬን ስቀር ነው፤ ያንን ማወቄም የእምነቴ መጀመሪያ ሆነ። የግብፁ ባሕታዊ አባ እንጦንስ በረሃ የገባው በሰው ለመከበብ አይደለም።

እኅታችን፣ የሳሳው ምናልባት ድሮም ያንቺ ያልሆነው ክፍል ይሆናል። ይራገፍ።

ብራና ገላጭ — ማክሰኞ ከሰዓት

ወንድሜ ድንጋይ ጠራቢ፣ እንጦንስን ስላነሣኸው አመሰግናለሁ፤ ታሪኩን ግን ከመሃሉ ጀመርከው። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ እንደጻፈልን እንጦንስ ወላጆቹ ሞተው ከታናሽ እኅቱ ጋር የቀረ ወጣት ነበር። ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ የሚለውን ቃል የሰማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰው መሃል ቆሞ ነው። እኅቱን ለሚያምናቸው ደናግል አደራ ሰጠ። ከዚያም በቀጥታ ወደ በረሃ አልሮጠም። በአቅራቢያው ባለ መንደር ከወጣትነቱ ጀምሮ በብሕትውና የኖረ ሽማግሌ ነበርና እርሱን እያየ ተማረ። ደግ ሰው አለ ሲባል እየሄደ ከአንዱ ጸሎትን፣ ከአንዱ ትዕግሥትን፣ ከሌላው ቁጣን መግታትን ይቀስም ነበር፤ አትናቴዎስ ከንብ ጋር ያመሳስለዋል። በረሃ ሲገባ እንግዲህ የብዙ ሰዎችን ኑሮ በውስጡ ይዞ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ዘግቶ ከኖረ በኋላም በሩን ነቅለው ያስወጡት ወዳጆቹ ናቸው።

ለእኅታችን ግን የሚቀርባት አባ ጳኩሚስ ይመስለኛል። ጳኩሚስ ክርስቲያን ያልሆነ ግብፃዊ ወጣት ሳለ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ312 ገደማ፣ ለሮም ጦር ተገዶ ተመለመለ። ምልምሎቹ እንዳያመልጡ ቴብስ በምትባል የግብፅ ከተማ ተዘግቶባቸው አደሩ። ማታ ላይ የማያውቃቸው የከተማው ሰዎች የሚበላና የሚጠጣ ይዘው መጡ። እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ፤ ክርስቲያኖች ናቸው አሉት። ስብከት አልሰማም፣ ክርክር አልገጠመም፤ በእስር ቤት በር የገባ ምግብ ነው ያየው። ከጦሩ ሲለቀቅ ሄዶ ተጠመቀ። ጰላሞን በሚባል ባሕታዊ እግር ሥር ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላም በ320ዎቹ ገደማ በጠበኒሲ አብረው የሚጸልዩ፣ አብረው የሚሠሩ፣ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ መነኮሳትን ሰበሰበ። የአንድነት ገዳም ሥርዐት የሚመዘዘው ከዚያ ነው። ይህም ቢሆን በአንድ ቀን አልሰመረለትም። መጀመሪያ የሰበሰባቸው ሰዎች ትሕትናውን እንደ ድክመት ቆጥረው ቀልደውበታል፤ በመጨረሻ አሰናብቷቸው ከሌሎች ጋር እንደገና ጀመረ።

ብቸኝነትን የሚያወድሱ ሲበዙ ቅዱስ ባስልዮስ የጠየቀውም ቀላል ነገር ነው፤ ብቻህን የምትኖር ከሆነ የማንን እግር ታጥባለህ?

ድንጋይ ጠራቢ — ማክሰኞ ማታ

የጳኩሚስን አላውቀውም ነበር፤ ተማርኩ። ግን ልብ በል፣ እነዚያ የቴብስ ሰዎች ምግብ ይዘው መጡ እንጂ የታሰሩትን ልጆች ገበና ይዘው ከተማውን አልዞሩም።

የአገልጋይ ልጅ — ረቡዕ ጠዋት

አባቴ አገልጋይ ነበር። ቤተ ክርስቲያንን ከመድረኩ ጀርባ ያየ ልጅ ምን እንደሚያይ እኔን ጠይቁኝ። ሌሊት ቤታችን መጥቶ ያለቀሰ ሰው እሑድ ከረባቱን አስሮ ከፊት ወንበር ላይ “ሁሉ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ሲል ሰምቻለሁ። የሁሉን ምስጢር ተሸክሞ የራሱን የሚነግረው ሰው ያጣ አባትም አይቻለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ሁሉንም ልተወው ወስኜ ነበር።

ያስቀሩኝ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። በር ላይ ቆመው ሰው የሚያስገቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሁሉ “አባትህ ደኅና ናቸው?” ሲለኝ እሳቸው “የሒሳብ ፈተናው እንዴት ሆነ?” ይሉኝ ነበር። ፈተናው መቼ እንደሆነ በትንሽ ወረቀት ጽፈው በኮት ኪሳቸው እንደሚይዙ ያወቅሁት ካረፉ በኋላ ነው። ልጃቸው ወረቀቶቹን አሳየችኝ። የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የብዙ ልጆች ፈተና፣ የአንዱ ቀዶ ጥገና፣ የሌላዋ የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ሁሉም በእርሳስ ተጽፎ፣ ያለፈው በአንድ ሰረዝ ተሰርዞ።

ሌላው አባቴ ነው። አንድ ቀን ያለ ጥፋቴ በሰው ፊት ተቆጣኝ። ማታ ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና “ልጄ፣ ጠዋት የተቆጣሁት በአንተ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ” አለኝ። እናቴ ሳሕኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ስለ ይቅርታ ከሰማኋቸው ስብከቶች አሁን አንዱንም አላስታውስም፤ ያቺ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ የሰጠችው ድምፅ ግን ጆሮዬ ላይ አለ።

አወያይ — ረቡዕ ከሰዓት

ከዚህ ክር ሁለት አስተያየቶችን አጥፍቻለሁ። የማን ቤተ ክርስቲያን ትክክለኛ ናት የሚለው ክርክር የራሱ ክር አለው፤ ገና ለብዙ ዓመት የሚያልቅም አይመስልም። የሚፈልገው ወደዚያ ይሂድ። እኅታችን የጠየቀችው ሌላ ነው።

አያት ነኝ — ረቡዕ ማታ

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልሽ የልጅ ልጄ ፊደሉን እያሳየችኝ ነው፤ ስሕተት ብታገኚ ይቅር በይኝ።

እኔ ያቺ ሴት ነኝ። ያንቺዋ ማለቴ አይደለም፤ እሷ ያደረገችውን ያደረግሁ ነኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ወጣት የከበዳትን ነገር አጫወተችኝ። ከልቤ አዘንኩላት። ከማዘኔም የተነሣ ለሁለት ጓደኞቼ “እባካችሁ በጸሎት እናግዛት” ብዬ ነገርኩ። ሐሜት መሆኑ ፈጽሞ አልታየኝም። አንገቴን ደፍቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዐይኔ እንባ አቅርሮ ነው የተናገርኩት።

ልጅቱ በሦስተኛው ሳምንት ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። በሩ ላይ ቆማ “እርስዎን አምኜ ነበር” አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ ጸሎት ስናገር የራሴ ድምፅ ለራሴ ቀፈፈኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ሄጄ ለሁለቱ ጓደኞቼ በደሌን ነገርኳቸው፣ ከዚያ እሷ ዘንድ ሄድኩ። ወዲያው አልታረቅንም፤ ዓመት ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው የልቡን ሲያጫውተኝ “ይህን ለማን እንድነግር ትፈቅጂልኛለሽ?” ብዬ ሳልጠይቅ አልነሣም። አብዛኞቹ “ለማንም” ይላሉ። እንግዲያውስ ብቻዬን እጸልያለሁ።

በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው የሚለውን ድሮ ለተበደለው የተሰጠ ትእዛዝ አድርጌ ነበር የማነበው። አሁን ለበዳዩ የተሰጠ መድኃኒት ሆኖ ይታየኛል። ያቺ ልጅ ዝም ብላ ብትቀር ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ በዚያው አፌ “እየጸለይኩ” ነበር።

ድንጋይ ጠራቢ — ረቡዕ ሌሊት

እማማ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ያሰጋኛል። የቆሰለውን ሰው ሄደህ ያቆሰለህን ፈውስ ማለት ሸክም ላይ ሸክም ነው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት “ተመለሺ፣ በአንቺ ትዕግሥት ይታረማል” ብለው የመለሱ የጸሎት ሰዎች አውቃለሁ። ጥቅስም ጠቅሰውላታል።

አያት ነኝ — ሐሙስ ጠዋት

ልክ ነህ ልጄ። የእኔዋ የመጣችው ማንም ሳያስገድዳት ነው። ድብደባ ባለበት፣ ልጅ በሚነወርበት፣ የሰው ገንዘብ በሚዘረፍበት ቦታ እኔ የተናገርኩት አይሠራም። እዚያ ወጥቶ ለሕግ መናገር ነው፤ ያንን ሰው ደግፎ ማውጣትም የኅብረት ሥራ ነው። የምላስ በደል ሌላ ነው። የምላስ በደል ሁላችንም ቤት አለ።

ሦስት ድምፅ — ሐሙስ ከሰዓት

በቤቴ ያለሁት አማኝ እኔ ብቻ ነኝ። የምሄድበት ጉባኤ በአቅራቢያዬ የለም። ማታ ማታ በስልክ የምንገናኝ ሦስት ሰዎች ነን። አንድ ምዕራፍ እናነባለን፣ በየተራ እንጸልያለን፤ አንዳንዴ መስመሩ ይቋረጥና ያንዳችን ጸሎት ግማሹ ይቀራል። አንዷ ሁልጊዜ “የት ድረስ ሰማችሁኝ?” ትለናለች፣ ከዚያ ከተቆረጠበት ትቀጥላለች።

እንዳትቀየሙኝ፣ ስለ ጉባኤ ጣጣ ስታወሩ እቀናለሁ። የሚያናድደኝ ሰው እንኳ ቢሆን አጠገቤ ቢቀመጥ ደስ ባለኝ። በስልክ የማይሆን ነገር አለ። ባለፈው ስታመም ሁለቱም ጸለዩልኝ፤ ውኃ ያቀረበልኝ ግን የማያምነው ወንድሜ ነው። ይህን ገና አስቤበት አልጨረስኩም።

ብራና ገላጭ — ዓርብ ማታ

ወደ ባዶ ወንበር ጥያቄ ልመለስ፤ የእኔ ነበር ወይስ የሰዎቹ የሚለው ነገር ዕንቅልፍ ነሥቶኛል።

ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ያመጡታል፣ መግቢያ ሲያጡ ጣሪያውን ነድለው ያወርዱታል። ኢየሱስ ያየው “እምነታቸውን” ነው ይላል፤ እምነቱን አይልም። ሽባው አምኖ ይሁን ተስፋ ቆርጦ ይሁን ወንጌላዊው አልነገረንም። የቶማስንም ነገር አስቢ። የመጀመሪያው ምሽት ከወንድሞቹ ጋር አልነበረም፤ ሲነግሩት ካላየሁ አላምንም አለ። ከስምንት ቀን በኋላ ግን በዚያው ቤት አብሯቸው ነበር። እኔን የሚገርመኝ እነዚያ ስምንት ቀናት ናቸው። አሥሩ አይተዋል፣ እርሱ አላየም፤ እነርሱ አላባረሩትም፣ እርሱም አልሄደም። እንዴት አብረው እንደዋሉ፣ ምን እንደተባባሉ አልተጻፈም።

አንድ ልጨምርና ልተኛ። አውግስጢኖስ በ386 ሚላን ውስጥ በአትክልቱ ስፍራ ያነበበው ቃል ሕይወቱን እንደለወጠው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ወዳጁ አሊፒዮስ በዚያው ስፍራ እንደነበረ ግን እንረሳለን። አውግስጢኖስ ካነበበ በኋላ መጽሐፉን አሳየው፤ አሊፒዮስ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አነበበ። በሮሜ 14 መጀመሪያ ላይ ያለው፣ በእምነት የደከመውን ተቀበሉት የሚለው ነው። “ይህ ለእኔ ነው” ብሎ ወሰደው። አንዱ ያቆመበት መስመር ለሌላው መጀመሪያ ሆነ። የማን እምነት የት እንዳለቀ እዚያ ላይ ማን ድንበር ያሰምራል? ድንጋይ ጠራቢ ያሰምር ይሆናል።

የአገልጋይ ልጅ — ዓርብ ማታ

ድንጋይ ጠራቢ ብቻን መቆምን ሊያስተምረን በዚህ ክር ሦስት ጊዜ እንደጻፈ ቆጥሬአለሁ።

ድንጋይ ጠራቢ — ዓርብ ሌሊት

ተይዣለሁ። ይህ አራተኛው ነው። የምጽፍለት ሰው ፈልጌ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስቃችሁ ዝም በሉኝ። አሊፒዮስን ግን ነገ በራሴ አነብበዋለሁ።

ባዶ ወንበር — ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ምሽት

የጠፋሁት ተቀይሜ አይደለም። ሁሉንም አንብቤአለሁ።

መጀመሪያ እኅቴ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን እንዳነሣች “ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?” አለችኝ። ማንም አልሞተም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ስለ ልጆቿ ጥርስ አርባ ደቂቃ አወራን፤ የተኳረፍንበትን ነገር ሁለታችንም አላነሣነውም። ይነሣል፣ ቀን አለው።

እሑድ ሄድኩ። ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። መዝሙሩን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ ቃሉ ጠፋኝ። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ልጅ ፊቷን ሳታዞር መጽሐፏን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ በአንድ ወገን እሷ፣ በአንድ ወገን እኔ ይዘነው ቀጠልን። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ቆሜ ዝም አልኩ። እነሱ ዘመሩ። ድንጋይ ጠራቢ እንዳይቆጣኝ እንጂ፣ ያን ጊዜ የተዘመረውን ያልዘመርኩት አልመሰለኝም።

ያቺን እኅት አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ከወንበሯ ግማሽ ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች። ማታ ጻፍኩላት፦ “ላነጋግርሽ እፈልጋለሁ፤ እኔና አንቺ ብቻ።” በማግስቱ “እሺ። ሳስበው ነው የቆየሁት” ብላ መለሰች። ሳስበው የምትለው እኔን ይሁን ያደረገችውን አላውቅም። ሐሙስ እንገናኛለን። የምላትን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ልክ እንደዚያች ልጅ “አምኜሽ ነበር” ብዬ ዝም ማለት የምችል አይመስለኝም፤ እኔ ብዙ ተናጋሪ ነኝ።

አያት ነኝ — ማክሰኞ ማታ

ልጄ፣ አልቀመጥም ብትይም ውኃ ብትሰጥሽ ጠጪላት። የእኔዋ አልጠጣችልኝም ነበር፤ ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ መቅረቴ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

የሌሊት ተረኛ — ማክሰኞ ሌሊት

ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው? ያን ዕለት ተረኛ ነኝ፤ በሰዓቱ አስብሻለሁ።

ባዶ ወንበር — ማክሰኞ ሌሊት

11 ሰዓት ላይ። አስቢኝ። ለማንም ግን እንዳትነግሪ።

የሌሊት ተረኛ — ማክሰኞ ሌሊት

ምን ብዬ እነግራለሁ? ስምሽን እንኳ አላውቀው።